ድንጋዩን የገፋ እጅ

አቶ ዘይኑልአቢዲንን ከግራናይቱ ሥር ለማውጣት አሥራ አንድ ሰውና ሁለት ክሪክ አስፈልጎ ነበር። ኢንስፔክተር ጽናት አግማስ ከደሴ ቁልቁል ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሟቹ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በድንጋይ መቁረጫው ግቢ ጥግ ተጋድሟል። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። የሲሚንቶው ወለል ሙቀት የጫማዋን ሶል ዘልቆ ይሰማታል።

«ሳጅን ምንተስኖት፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው፣ ቀድሟት ለደረሰው የኮምቦልቻ ፖሊስ ባልደረባዋ።

«ሟቹ የዚህ ግቢ ባለቤት ነው። በየቀኑ ዙሁር ሰግዶ ምሳውን ከበላ በኋላ ጫቱን ይዞ እዚያ መደብ ላይ ይቀመጣል። ከጀርባው ያ የብረት ማስደገፊያ አለ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የተደገፉት ስድስት የግራናይት ጠፍጣፋዎች ባንድ ጊዜ ወደ ፊት ተንደው ወደቁበት።»

«ማን ነበር አጠገቡ?»

«ማንም። ዘበኛው ሙዓዊያ ከበሩ ሆኖ በዓይኑ አይቷል። ‹ነፋስ እንኳ አልነካውም› ይላል። ቤተሰቡ ግን ገዳዩን እናውቀዋለን ባይ ነው።»

ጽናት ወደ ማስደገፊያው ሄደች። በአራት እግር የቆመ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ብረት ነው። ድንጋዮቹ ወደ ኋላ ጋደል ብለው ይደገፉበታል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ትመታዋለች፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የድንጋዮቹ ጥላ መደቡ ላይ ያርፋል። ሟቹ ጥላውን ፈልጎ ነበር እዚያ የሚቀመጠው።

ተንበረከከች። ብየዳው ደህና ነው። ብረቱ አልተቆረጠም፣ አልተጣመመም። ወለሉ ወደ ፊት ስለሚያዘቀዝቅ ሁለቱ የፊት እግሮች ከፍ እንዲሉ ታኮ ያስፈልጋቸዋል። ከግራው እግር ሥር ያየችው ግን የብረት ታኮ አልነበረም። ጥቁር ነገር ነው፤ እንደ ሊጥ ተንጠፍጥፎ በአራቱም አቅጣጫ ፈሷል። ከቀኙ ሥርም ያው ነው፤ እዚያ ግን የውሃ በርሜል ጥላ ስለሚያርፍበት ያን ያህል አልተዘረጋም።

«ሬንጅ ነው» አለ ሳጅኑ። «ለጣሪያ ማሸጊያ ይቀቡታል። ግቢው ሁሉ ሬንጅ ነው።»

«ጣሪያ ላይ ያለ ሬንጅ ማንንም አያስገርምም» አለች ጽናት። «እግር ሥር ምን ይሠራል? ይህን ቦታ አስከብርልኝ። ማንም እንዳይነካው።»

ዘበኛው ሙዓዊያ ሃምሳ የሞላው ሰው ነበር።

«ዛሬ ከወትሮው የተለየ ያየኸው ነገር አለ?»

«ወላሂ ምንም። ሱብሂ ልሰግድ መስጊድ ሄጄ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። አዎ… ቁልፉ። እኔ ስቆልፈው የቁልፉን አፍ ወደ ውጭ አድርጌ ነው። ስመለስ ወደ ውስጥ ዞሮ ተንጠልጥሏል። ረስቼ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«የበሩ ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ጌታዬ ነበሩ፣ አላህ ይርሐማቸው። እኔና ድንጋይ ጠራቢው ጋሽ ደምመላሽ ደግሞ አለን። ሌላ የለም።»

የሟቹ ባለቤት ፊርደውስ በጥቁር ሻሽ ተጠቅልላ ከደጁ ቆማለች። የባሏ ወንድም ሚስባህ አጠገቧ ነው። ድንጋዮቹ ሲወድቁ እሱ ግቢው ውስጥ መጋዘኑ ጋ ነበር፤ መጀመሪያ ሮጦ የደረሰውም እሱ ነው። ጥፍሮቹ ደምተዋል።

«ኢንስፔክተር፣ ባሌን ድንጋይ አልገደለውም» አለች ፊርደውስ። «ያ ሽማግሌ፣ ደምመላሽ ነው። ዓመት ሙሉ ዓይኑን ተክሎ ሲያየው ነበር። ስሙን ያወጡለት ለዚህ ነው።»

«የወንድሜ ደም ፈሶ አይቀርም!» አለ ሚስባህ። «እናንተ ካልያዛችሁት እኛ እንይዘዋለን። ወላሂ እስከ ነገ አያድርም!»

«ይህን ቃልህን እንዳልሰማሁ ልቁጠረው» አለች ጽናት በእርጋታ። «ነገር ግን ሽማግሌው ላይ አንድ ጭረት ባይ መጀመሪያ የምጠራው አንተን ነው።»

ደምመላሽ በሥራ ቦታው፣ ከመቁረጫው መኪና አጠገብ ተቀምጧል። ሰባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ የድንጋይ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ሳይከፍተው የዋለ የላስቲክ ምሳ ዕቃ ጭኑ ላይ አለ።

«አዝነዋል፣ አባቴ?» ጠየቀችው።

«ልዋሽሽ? አላዘንኩም።» ዓይኑን አላነሣም። «ልጄ ኃይለ ሚካኤል አምና በጥር በዚሁ ማስደገፊያ ሥር ነው የሞተ። የኋላ እግሩ ዝጎ ነበር። ‹አስበይደው› እያልን ሁለት ወር ለመንነው። ልጄን በቀበርን ማግሥት አስበየደው። ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።»

«ታዲያ ለምን ጥለውት አልሄዱም?»

«እንዲያየኝ ነዋ! እኔን ሲያይ የበላው እንዳይስማማው። ሌላ በቀል አቅሜ አልቻለም።»

የምሳ ዕቃውን ክዳን ሊከፍት ታገለ፤ አቃተው። ጽናት ተቀብላ ከፈተችለት።

«ይህች ላስቲክ እጄ አልለመዳትም» አለ። «ድሮ የቆርቆሮ ነበረችኝ፤ ከሥሯ አበባ የታተመባት። ምራቴ ሥርጉት ናት ሰሞኑን ‹አፈሰሰች› ብላ የጣለቻት። አብረን ነው የምንኖር፤ ከልጄ ሌላ ዘመድ የላትም ነበር። ማለዳ ምሳዬን ይዛ እስከዚህ ትሸኘኝና ደሴ ታክሲ ትይዛለች። እዚያ ሆጤ ሰፈር አስተማሪ ናት።»

በማግሥቱ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጽናት ወደ ግቢው ተመለሰች። ከቦርከና ወንዝ በኩል ብርድ ይነፍሳል። ከቀኙ እግር ሥር ያለውን ጥቁር ነገር በመሮ ፈለቀቀችውና አንዱን ቁራጭ በመዶሻ መታችው። እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ስባሪው ለስላሳና የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ዛጎል ሆድ የጎደጎደ ነው። ትናንት ከቀትር በኋላ እንደ ሊጥ የተንጠፈጠፈው ነገር ዛሬ ጠዋት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ጽናት ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አሰበች።

የማስደገፊያው እግር ያልረገጠው አንድ ማዕዘን እንዳለ ቀርቷል። ላዩ ላይ ሁለት የአበባ ቅጠሎች ታትመውበታል።

ማዕዘኑን በጨርቅ ይዛ ሽማግሌው ለደኅንነቱ ወዳደረበት ጣቢያ ሄደች። ጨርቁን ፊቱ ገለጠችው። ደምመላሽ አበባውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ቀና አለ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። «ሌላ ሰው አትፈልጊ።»

«እንዴት አድርገው?»

«የብረቱን ታኮ አውጥቼ ይህንን ሬንጅ አስገባሁ። ሲቀመጥ ጠብቄ በመዶሻ መታሁት። ሬንጁ ሲሰበር ድንጋዩ ወደቀ።»

«በመዶሻ?»

«በመዶሻ። ጻፊው።»

ጽናት አልጻፈችም። «አባቴ፣ ዛሬም እዚሁ ይቆዩ» ብላ ወጣች። ሳጅን ምንተስኖት ተከትሏት ሮጠ።

«አመነ እኮ! ሌላ ምን ቀረን?»

«ሰውየው ምን እንደተሠራ አያውቅም፣ ሳጅን። የሚያውቀው አበባ ያላትን ምሳ ዕቃ ማን እንደጣላት ብቻ ነው። ደሴ እንውጣ።»

ትምህርት ቤቱ ሆጤ ውስጥ ከአንድ ጠባብ መንገድ ማብቂያ ላይ ነበር። ሥርጉት የሳይንስ ክፍሏን እየጠረገች አገኟት። ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀጭን፣ ጸጉሯን አጥብቃ የሠራች ሴት ናት። በሁለት እጇ መጥረጊያውን ይዛ ቆመች።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ እዚህ ነበርኩ» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ። «ከሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት። ተማሪዎቹን ጠይቂ።»

«አምንሻለሁ። የመጣሁት ለእውቀትሽ ነው።» ጽናት የሬንጅ ስባሪ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህ ነገር በኮምቦልቻ ፀሐይ ሊቀልጥ ይችላል?»

ሥርጉት ስባሪውን አልነካችውም።

«አይችልም። የሬንጅ መቅለጫ ከመቶ ዲግሪ በላይ ነው። ኮምቦልቻ ሠላሳ ቢሞላ ነው። ጠጣር ነገር መቅለጫው ካልደረሰ ቅርጹን አይለቅም።»

«ሁሉም ጠጣር?»

«ሁሉም።»

ጽናት አመሰገነቻት። ስትወጣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች በትልቅ ወረቀት የሠሩት ሰንጠረዥ ተለጥፏል። በአንዱ ዓምድ «ቁርጥ ያለ መቅለጫ ያላቸው ጠጣሮች» ይላል፤ ሥሩ ጨው፣ ስኳር፣ በረዶ፣ ብረት። በሌላው ዓምድ «ቁርጥ ያለ መቅለጫ የሌላቸው» ይላል፤ ሥሩ ብርጭቆ፣ ላስቲክ፣ ሬንጅ። ከግርጌው በቀይ ብዕር «በጣም ጥሩ! ሥርጉት» ተብሎ ተፈርሟል።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ፊርደውስና ሚስባህ በአንድ ወገን፣ ደምመላሽና ሥርጉት በሌላው፣ ሙዓዊያ መካከል ላይ። ከሁለቱ ወገን ማንም ማንንም ሰላም አላለም። ከእነሱ ፈንጠር ብሎ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጽናት ጠዋት ያስተከለችው የብረት ጠረጴዛ ቆሟል። ሁለት የፊት እግሮቹ ሥር ጥቁር የሬንጅ ጡብ ገብቷል። ላዩ ላይ አንድ የግራናይት ጠፍጣፋ ዘንበል ብሎ ተደግፏል። ዙሪያው በገመድ ታጥሯል።

«ማንም ወደ ገመዱ አይጠጋ» አለች። «አሁን ልናገር፤ ስጨርስ ትናገራላችሁ።»

ሚስባህ «ሽማግሌው አምኗል ተባልን! ምን ንግግር ያስፈልጋል?» አለ።

«አምኗል። ሬንጁን በመዶሻ ሰበርኩት ብሏል። ሬንጁ ግን አልተሰበረም፤ ተንጠፍጥፎ ነው የተገኘ። የገደለ ሰው እንዴት እንደገደለ አይሳሳትም። ጋሽ ደምመላሽ የዋሹት ሌላ ሰው ለማዳን ነው።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ።

«ጠጣር ሁሉ አንድ አይደለም» ቀጠለች ጽናት። «እኔም በዚህ ሰሞን ነው ጠይቄ የተረዳሁት። ጨው ውስጥ ቅንጣቶቹ በረድፍ ተሰልፈዋል፤ ለዚህ ነው ሲሰበር ትንንሽ አራት ማዕዘን የሚሆነው። ግራናይቱ እርስ በርሱ በተቆላለፈ ክሪስታል የተሠራ ነው፤ ለዚህ ነው የሚጠነክረው። ብረትም ቅንጣቶቹ የተሰለፉ ናቸው፤ ነገር ግን ሳይለያዩ ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህ ከመሰበሩ በፊት ይጣመማል። የማስደገፊያው ብረት ጥፋት ቢሆን ኖሮ መጣመሙን እናይ ነበር። አላየንም።»

አንድ የሬንጅ ስባሪ አንሥታ አሳየቻቸው።

«ይህ ግን ሰልፍ የለውም። ቅንጣቶቹ እንደተዘበራረቁ ነው የደረቁት፤ እንደ ብርጭቆ። ቶሎ ሲመቱት ይሰበራል። ቀስ ብለው ሲጫኑት ግን ይፈስሳል። ድንገት የሚቀልጥበት ዲግሪ የለውም፤ ሙቀት ሲጨምር ጥቂት በጥቂት እየለሰለሰ ይሄዳል። በብርዱ ማለዳ እግር ሥር ቢያስገቡት እንደ ድንጋይ ይሸከማል። ፀሐይ እየወጣች፣ ሲሚንቶው እየጋለ ሲሄድ ግን በሦስት ኩንታል፣ በአራት ኩንታል ድንጋይ ተጭኖ መፍሰስ ይጀምራል። ማንም ሳይነካው።»

«ያረቢ!» አለ ሙዓዊያ።

«ይህ ወጥመድ ጥቅሙ አንድ ነው፤ ያጠመደው ሰው ከሥፍራው እንዲርቅ። ሚስባህ፣ አንተ እዚህ ነበርክ። ሙዓዊያም፣ ጋሽ ደምመላሽም እዚሁ ነበሩ። እዚህ ውሎ ለሚጠረጠር ሰው ዘገምተኛ ወጥመድ ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ የፈለግሁት እዚህ ያልነበረን፣ ግን ወደዚህ መግባት የሚችልን ሰው ነው። ሙዓዊያ ሱብሂ ሲሰግድ አንድ ሰው ገብቶ ወጥቷል፤ የበሩ ቁልፍ ዞሮ የተገኘው ለዚህ ነው። ከሦስቱ ቁልፎች አንዱ ጋሽ ደምመላሽ ኮት ኪስ ውስጥ ያድራል። ማስደገፊያውን ለማንሣት ደግሞ ክሪክ ይበቃል፤ ጉልበት አይጠይቅም።»

ሥርጉት አልተነቃነቀችም።

«ሬንጁ በምን ተቀረጸ? ሥሯ አበባ በታተመባት የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ። ጋሽ ደምመላሽ አበባውን ሲያዩ ወዲያው አወቁት፤ ወዲያውም ጥፋቱን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ያቺን ምሳ ዕቃ የጣለችው ሥርጉት ናት።»

«ቆሻሻ ላይ ነው የጣልኳት» አለች ሥርጉት። ድምጿ ደረቅ ነበር። «ማንም ሊያነሣት ይችላል። ሬንጅም በፀሐይ አይፈስም። ነግሬሻለሁ።»

«ነግረሽኛል። ተማሪዎችሽን ያስተማርሻቸው ግን ሌላ ነው። ‹ሬንጅ ቁርጥ ያለ መቅለጫ የለውም› ብለው ጽፈው በቀይ ብዕር ‹በጣም ጥሩ› ብለሽላቸዋል። በየዓመቱ የምታስተምሪውን ለእኔ ብቻ ገልብጠሽ የነገርሽኝ ለምንድን ነው?»

ሥርጉት ልትመልስ አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ከገመዱ ወዲያ አንድ ነገር ሲጥ ሲጥ አለ። ሁሉም ዞሩ። ጠረጴዛው በዝግታ ወደ ፊት አዘነበለ። ግራናይቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጥቂት ያመነታ መሰለ፤ ከዚያም ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ድምፁ ግቢውን ሁሉ ሞላው። ማንም አልነካውም ነበር።

ፊርደውስ ጮኸች። ሥርጉት ግን ስብርባሪውን ትክ ብላ አየችው፤ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ።

«ባሌ ሲሞት ዘይኑልአቢዲን ሽማግሌዎች ፊት ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?» አለች። «‹እኔ እጄ የለበትም። የገደለው ድንጋይ ነው፤ ከቻላችሁ ድንጋዩን ክሰሱ› አለ። ሁሉም ዝም አለ። ሚስባህ፣ አንተም ነበርክ፤ ዝም አልክ። ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ይዤ ተኛሁ፤ ይዤያት ተነሣሁ። ሦስት ጊዜ ጓሯችን ሞከርኩት፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቆጠርኩ። ይኸው ድንጋይ ገደለው። እናንተም ድንጋዩን ክሰሱ!»

«አማትሽን ሊገድሏቸው ነበር እኮ!» አለች ጽናት።

«አደጋ ነው ብለው የሚተዉት መስሎኝ ነበር፤ የባሌን እንደተዉት።» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «አባባ ቢፈረድባቸው እናገር ነበር። በልጃቸው እምላለሁ፣ እናገር ነበር።»

ደምመላሽ ብናኝ የለበሰ እጁን ትከሻዋ ላይ አኖረ። «ለኔ ብትተይልኝ ምን ነበረ፣ ልጄ?» አለ። «እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።»

ሚስባህ ወደ እሷ ተንደረደረ። ሳጅን ምንተስኖት ደረቱን ይዞ አቆመው። ከሁሉም ቀድማ ሥርጉት ፊት የደረሰችው ግን ፊርደውስ ነበረች። ጽናት ልትከለክላት እጇን ዘረጋች፤ ፊርደውስ ግን አልመታቻትም።

«ለይላን ታውቂያታለሽ?» አለቻት በለሆሳስ።

ሥርጉት ግራ ገብቷት አየቻት።

«ልጄ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ መደብ ላይ አባቷ ጭን ላይ ነው የምትተኛ። በየቀኑ። ያን ዕለት ትኩሳት ይዟት ከእኔ ጋር ዋለች።»

ሥርጉት መደቡን አየች። ከዚያ እጆቿን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠፋ።

«አላየኋትም» አለች። «ማለዳ ብቻ ነው የምመጣው… አንድም ቀን አላየኋትም።»

ጽናት ካቴና ስታስገባላት ሥርጉት እጇን ራሷ ዘረጋች። ወደ በሩ አምስት እርምጃ ያህል ከሄዱ በኋላ ቆመች፤ ዞረችም።

«ትኩሳቱ ለቀቃት?» ብላ ጠየቀች።

ፊርደውስ አየቻት።

«ለቀቃት» አለች፤ ፊቷንም አዞረች።